የተሰቀለውን ማሲንቆ አውርዱ

አያት ወይም አጎት ትቶት ያለፈ ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ጥቀርሻ ለብሶ፣ ቆዳው ተተርትሮ፣ ጭራው ተበጣጥሶ የቀረበት ቤት ሁሉ ይህ ጽሑፍ ይመለከተዋል። የቤቱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ “ይሄማ አበቃለት” ብለው ለልጆች መጫወቻ ይሰጡታል፤ አለዚያም ጓዳ ወርውረው አዲስ ይገዛሉ። ሁለቱም ያስቆጫል። ከማሲንቆ የሚያልቁት ቆዳውና ጭራው ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ድሮም እያለቁ የሚተኩ ናቸው። ድምፁን የሚሸከመው እንጨት ግን በሠላሳና በአርባ ዓመት ውስጥ መድረቁን ደርቋል፣ መጣመሙንም ተጣሞ ጨርሷል። እንዲህ ያለ እንጨት በገንዘብ ፈልጎ ማግኘት ቀላል አይደለም።

በባሌ ለሚኖር ሰው ደግሞ ማደሻው ሁሉ ደጁ ነው። የፈረስ ጭራ ከሮቤና ከጎባ ደጋ፣ የፍየል ቆዳ ከየገበያው፣ ዕጣን ከቆላው ይገኛል። ስለዚህ ዋናው ምክሬ ይህ ነው፤ ማሲንቆውን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ አሳድሳችሁ ለመማር አትነሱ። ራሳችሁ አድሱት፣ እያደሳችሁ ተማሩት። የድሮ አዝማሪ ማሲንቆውን ራሱ ይሠራ፣ ራሱ ይጠግን ነበር፤ ሠርግ ቤት ጭራ ቢበጠስበት ቁጭ ብሎ ቋጥሮ ይቀጥላል እንጂ ጠጋኝ አያፈላልግም። የመሣሪያውን ጠባይ ያወቀው በዚህ መንገድ ነው።

ይህን የምጽፈው ቀን በመምህርነት፣ በነርስነት፣ በሹፌርነት ወይም በንግድ ውሎ ማታ አንድ ሰዓት ለሚተርፈው ሰው ነው። ጎረቤት “እስቲ ይሄን ዕቃ እየው” እያለ የሚያመጣበት አናጺም ከመጨረሻው ክፍል የሚጠቅመው ያገኛል።

መሣሪያውን ካወረዳችሁ በኋላ ለመፍታት አትጣደፉ። መጀመሪያ ከፊት፣ ከኋላና ከጎን በስልክ ፎቶ አንሱት። በርኩማው፣ ጭራውን ከቆዳው ከፍ አድርጎ የሚይዘው ትንሹ እንጨት፣ የቆመበትን ቦታ ከገበቴው፣ ከድምፅ ሳጥኑ፣ ጠርዝ በማስመሪያ ለክታችሁ ጻፉ። የቀድሞው ባለቤት ያንን ቦታ ያገኘው በርኩማውን ወዲያ ወዲህ እያንፏቀቀ፣ ድምፁን እያዳመጠ ነው። ቆዳው አንዴ ከተነሳ ያ ዕውቀት አብሮ ይነሳል። መቃኛው በየትኛው በኩል እንደተሰካ፣ የታችኛው ማሰሪያ እንዴት እንደተቋጠረም መዝግቡ።

ቀጥሎ እንጨቱን መርምሩ። ገበቴው አራት ሳንቃ ተገጣጥሞ የተሠራ፣ በአንድ ማዕዘኑ የቆመ ሳጥን ነው፤ ምሰሶው በመሀሉ አልፎ ከታች ብቅ ይላል። በአንድ እጅ ገበቴውን፣ በሌላው ምሰሶውን ይዛችሁ በቀስታ ወዝውዙት። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ድምፁ እዚያ ይባክናል። ጥቃቅን ቀዳዳዎችና ዱቄት ካያችሁ ነቀዝ ገብቶታል ማለት ነው። ነቀዙ በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ዱቄቱን ጠርጋችሁ መሣሪያውን ንጹሕ ወረቀት ላይ ለሳምንት አቆዩት፤ አዲስ ዱቄት ከወረደ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነጭ ጋዝ ያፈስበታል። ጋዝ ግን ሽታው ከእንጨቱ አይወጣም፣ አዲሱንም ቆዳ ያበላሻል። ቆዳውን አንስታችሁ እንጨቱን በላስቲክ አጥብቃችሁ ጠቅልላችሁ ሥጋ በሚቀመጥበት ፍሪዘር ሁለት ሳምንት ብታሳድሩት ነቀዙ ይሞታል። ሙዚየሞችም የሚጠቀሙበት ዘዴ ነው። ሲወጣ ላስቲኩን ወዲያው አትፍቱ፤ የቤቱን ሙቀት እስኪያገኝ ጠብቁ፤ አለዚያ ላብ ያጠምቀዋል።

ጥቀርሻውን በደረቅ ብሩሽ፣ ከዚያም በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። የብርጭቆ ወረቀት ግን ምሰሶው ላይ አታሳርፉ። በምሰሶው ጀርባ አውራ ጣት ለዓመታት ያሟሸው፣ ከሌላው የለሰለሰ ቦታ ታገኛላችሁ። የድሮው ተጫዋች እጁ ያርፍ የነበረው እዚያ ላይ ነው። መጫወት ስትጀምሩ የእናንተም አውራ ጣት ከዚያ ይነሳል። እሱን ፍቆ ቫርኒሽ መቀባት አስተማሪን ከቤት እንደማባረር ነው።

የላላ መገጣጠሚያ በአናጺ ነጭ ኮላ ይያዛል። አሮጌውን ኮላ በሙቅ ውኃ በረጠበ ጨርቅ አለስልሳችሁ አንሱ፤ አዲሱን በስሱ ቀቡ፤ ሞርሳ ከሌላችሁ በገመድ ጠምዝዛችሁ አጥብቁና አሳድሩት። ሱፐር ግሉና ኢፖክሲ አይጠጉት። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚያድሰው ሰው እንጨቱን ሳይሰብር ሊፈታው አይችልም።

ቆዳው ላይ ስትደርሱ ረጋ በሉ፤ የማሲንቆ ድምፅ ግማሹ እዚህ ነው። ከበርኩማው ራቅ ያለ ትንሽ ቀዳዳ በስስ ቆዳና በኮላ ይለጠፋል። በርኩማው የሚቆምበት ቦታ ከተቀደደ ወይም ቆዳው እንደ ወረቀት ከተንኮሻኮሸ ግን ይቀየር። የሚፈለገው ያልለፋ፣ ጥሬ የፍየል ቆዳ ነው። የፍየል ቆዳ ስስ ስለሆነ ድምፁ ብሩህ ይሆናል፤ የጥጃ ቆዳ ወፍራምና ጎርናና ድምፅ ይሰጣል። ከጎኑ ያለውን፣ ውፍረቱ እኩል የሆነውን ክፍል ምረጡ፤ የጀርባው መሀል ይወፍራል፣ የሆዱ ይለጠጣል። የፊቱና የኋላው ከአንድ ፍየል ቢሆኑ ሲደርቁ እኩል ይሰበሰባሉ።

ቆዳውን ከመግዛት በፊት ግን አንድ ነገር ጠይቁ፤ ፍየሉ ታርዶ ነው ወይስ ሞቶ? ሳይታወቅ በድንገት ከሞተ እንስሳ የተገፈፈ ቆዳ አባ ሰንጋ ሊኖርበት ይችላል። የአባ ሰንጋ ጀርም በደረቅ ቆዳና ፀጉር ላይ ለረጅም ዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ሲፋቅ በአቧራው ይተነፈሳል። በ2006 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ አንድ ከበሮ ሠሪ ከአፍሪካ ካመጣው ጥሬ ቆዳ ይህ በሽታ ይዞት በጽኑ ታሟል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ በለንደን ሌላ ከበሮ ሠሪ ሞቶበታል። ስለዚህ ቆዳውን ለምግብ ታርዶ ከተመረመረ እንስሳ ውሰዱ። ስትፍቁ ቆዳው እርጥብ ይሁን፤ ደረቅ ቆዳ አትፈቅፍቁ። ጓንት አድርጉ፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፣ የተፋቀውን ፀጉር ሰብስባችሁ አቃጥሉ። እጅ ላይ የማያምና መሀሉ የጠቆረ ቁስል ከወጣ ደግሞ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ከጥሬ ቆዳ ጋር ስትሠሩ እንደነበር ተናገሩ።

ቆዳውን ማታ በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ነክራችሁ ጠዋት አውጡት። ፀጉሩ እንቢ ካለ አመድ የተበጠበጠበት ውኃ ያላላዋል፤ ከዚያ በደንብ ይታጠብ። በደነዘዘ ቢላ ፋቁት። በገበቴው ልክ ሁለት ጣት አስተርፋችሁ ቁረጡ። አንዳንዱ ማሲንቆ የፊቱና የኋላው ቆዳ በጎን በጠፍር እርስ በርሱ የተሰፋ ነው፤ አንዳንዱ በሚስማር የተመታ። እንዳገኛችሁት መልሱት፤ ምርጫ ካላችሁ ግን ጠፍሩ ይሻላል፣ እንጨቱን አይሰነጥቅም፣ ቆዳውም ሲላላ ይጠበቃል። ስትወጥሩ ከአንድ ጎን ጀምራችሁ ዙሪያውን አትሂዱ። አንዱን ጎን ያዝ አድርጋችሁ ወደ ትይዩው ተሻገሩ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እርጥቡን ቆዳ እንደ ከበሮ እስኪጮህ በመሳብ ነው። ቆዳ ሲደርቅ በራሱ ይሰበሰባል፤ እርጥብ ሳለ የተጨነቀ ቆዳ ሲደርቅ ወይ ይተረተራል ወይ ገበቴውን ያጣምመዋል። ዘርጋ ብሎ ሽብሽብ ካልያዘ ይበቃል። ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ላይ ይድረቅ፤ ምድጃ አጠገብም ፀሐይ ላይም አይቀመጥ። በጣት ጫፍ ስትመቱት ከየአቅጣጫው አንድ ዓይነት ድምፅ ሲሰጥ ደርሷል።

አሁን ወደ ጭራው እንምጣ፤ ባሌ በዚህ ረገድ የታደለ አገር ነው። ደጋው የፈረስ አገር ነው፤ የባሌ ፈረስ በእንስሳት ተመራማሪዎች ዘንድ ራሱን የቻለ ዝርያ ሆኖ የተመዘገበ ነው። የማሲንቆ አውታር ብረት ወይም ጅማት ሳይሆን ብዙ የጭራ ዘለላ ጎን ለጎን ተሰብስቦ የሚወጠር ነው፤ አውታሩን የሚፈትገው የደጋኑ ጭራም እንደዚሁ። ጭራ ለመውሰድ መጀመሪያ የፈረሱን ባለቤት አስፈቅዱ፤ ፈረሱን የሚወድ ሰው ጭራውን በመቀስ ሲቆርጡበት ዝም አይልም። በማበጠሪያ ስታበጥሩ የሚወጣውን መሰብሰብ ለሁለታችሁም ይበጃል። ከተቻለ ከወንድ ፈረስ ይሁን፤ የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው ቶሎ ይሰባበራል። የአውሮፓ የቫዮሊን ደጋን ሠሪዎችም በዚሁ ምክንያት የወንድ ፈረስ ጭራ ይመርጣሉ።

ጭራውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና እጠቡ፤ ቅባቱ ካልለቀቀ ዕጣን አይዝም። ጥላ ላይ ደርቆ ሲያበቃ ዘለላ በዘለላ ወደ ብርሃን አቅርባችሁ እዩ፤ የተቆለመመውን፣ መሀሉ የቀጠነውን አስወግዱ። ስንት ዘለላ ያስፈልጋል? የአሮጌው አውታር ቅሪት መቃኛው ላይ ተጠምጥሞ ይገኛልና ቁጠሩት። ለዚያ ገበቴ የተመጠነው ቁጥር እሱ ነው። ቅሪት ከሌለ በጥቂቱ ጀምሩ፤ ድምፁ ከሳ ካለባችሁ ጨምሩ። የጭራ ሥሩ ከጫፉ ይወፍራልና ግማሹን ዘለላ ሥሩን ወደ ላይ፣ ግማሹን ወደ ታች አድርጋችሁ ቀላቅሉ፤ አለዚያ አውታሩ ከላይ ወፍሮ ከታች ይሳሳል፣ ድምፁም ጣት ላይ ይዋሻል። አንዱን ጫፍ ሰም በተቀባ ክር አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ጭራውን አርጥባችሁ አበጥሩ፤ ሁሉም ዘለላ እኩል መወጠሩን አይታችሁ ሌላውን ጫፍ እሰሩ። አንድ የላላ ዘለላ እንኳ ካለ ሲመታ ይንጫጫል። መቃኛውን በመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻ አትጠምዝዙ። አዲስ ጭራ ለጥቂት ቀናት እየተሳበ ይላላል፤ በየዕለቱ ጥቂት ጥቂት ከፍ አድርጉት።

ደጋኑ ብዙ ቦታ አይወስድብንም። ዘንጉ ተጫን ሲሉት ተመልሶ የሚነሳ መሆን አለበት፤ ጉልበቱ ከሞተ፣ ለጋ የወይራ ቅርንጫፍ አጉብጣችሁ አስራችሁ አድርቁ። ጭራው ሰፋ ብሎ ይዘርጋ እንጂ እንደ ገመድ አይጠቅለል። እንጨቱን ግን ከባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክልል አትቁረጡ። ፓርኩ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ለአንድ ማሲንቆ የሚበቃ እንጨት ከአናጺ ቤት ቁርጥራጭ አይጠፋም።

ሁሉ ተገጥሞ፣ ጭራው ተወጥሮ፣ ደጋኑ ሲሳብ ማሲንቆው ጭጭ ይላል። ጀማሪ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ያጠፋ ይመስለዋል። ንጹሕ ጭራ በንጹሕ ጭራ ላይ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም፤ ካልያዘ አይጮህም። ዕጣኑ የሚሠራው ይህን ነው፤ የደጋኑ ጭራ አውታሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ አውታሩ አምልጦ ይመለሳል፣ እንደገና ይያዛል፤ ይህ በሰከንድ መቶዎች ጊዜ ሲደጋገም ድምፅ ይሆናል። ይህ የማሲንቆ ብቻ ጉዳይ አይደለም። አውሮፓ ውስጥ ኸርዲ ገርዲ የሚባል፣ ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ የቆየ፣ በፈረንሳይና በሀንጋሪ መንደሮች ሲጫወቱበት የኖረ መሣሪያ አለ። በደጋን ፋንታ በእጅ የሚዞር የእንጨት መዘውር አውታሮቹን ይፈትጋል። ያም ሆኖ መዘውሩ ሙጫ ካልተቀባ፣ አውታሮቹም ላይ ጥጥ በልክ ካልተጠቀለለ ዝም ይላል ወይም ይንጫጫል፤ አሮጌውን የሚያድሱ ሰዎች ብዙ ጊዜያቸውን የሚያጠፉት እዚያ ላይ ነው። ሕጉ ከእኛው ማሲንቆ ጋር አንድ ነው። ጠጠር ያለ ንጹሕ ዕጣን ምረጡ፤ አቧራውን አራግፋችሁ የደጋኑን ጭራ ደጋግማችሁ እሹበት። የቫዮሊን ሙጫ ያገኘ ሰውም ይጠቀምበት። ለአዲስ ጭራ ብዙ ይፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ ከመጫወት በፊት ጥቂት ይበቃል። ነጭ ዱቄት ቆዳው ላይ ከተከመረ አብዝታችኋል።

የአገሩ አየር ለቆዳ አስቸጋሪ መሆኑን አስቀድማችሁ እወቁ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከሷም ከፍ ብላ ትገኛለች። ከጎባ ተነስቶ ወደ ዴሎ መና የሚወርደው መንገድ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሳነቴ አምባ ያቋርጣል፤ የቱሉ ዲምቱ ተራራ በ4,377 ሜትር በጎን ቆማ ትታያለች። ከዚያ የሪራን መንደር አልፎ ሐረና ደን ይገባል፤ ጭጋግ፣ ቀርከሀ፣ የዱር ቡና። በሐረና ቡሉቅ ወረዳ ያለችው የአንገቱ ከተማ በዚህ እርጥብ አገር ናት። ቆዳ በደረቅ ብርድ ይጠብቃል፣ በጭጋግ ይላላል፤ ጎባ ላይ የተቃኘ ማሲንቆ አንገቱ ከተማ ሲደርስ ሌላ ይሆናል። ስትጓዙ መቃኛውን ጥቂት አላሉ፤ በርኩማው እንዳይወድቅ ግን ጨርሳችሁ አትልቀቁት። በጋቢ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙ፤ መኪና ጣሪያ ላይ አይጫን። ስትደርሱ ቤቱን እስኪለምድ አሳርፉትና ቃኙ። በክረምት ቆዳው ከላላ ከምድጃ ራቅ ባለ ሞቃት ክፍል አቆዩት፤ እሳት ላይ ደግፎ ማሞቅ ከበሮ ቤት የተለመደ ቢሆንም የማሲንቆን ስስ ቆዳና መገጣጠሚያ ይጎዳል።

አሁን መጫወቱ። ብዙ ሰው “በዚህ ዕድሜዬ?” ይላል። ቻርለስ ሳተን የተባለ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ አባል በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ መጥቶ፣ በጎልማሳነቱ ከታዋቂው የማሲንቆ ሊቅ ከጌታመሳይ አበበ እግር ሥር ተቀምጦ ተማረ። በ1963 እ.ኤ.አ. በሐሊም ኤል ዳብህ በተመሠረተው፣ ኋላም ተስፋዬ ለማ በመራው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ውስጥ ገብቶ እስከ መጫወት ደረሰ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. ቡድኑ አሜሪካን ሲዞር አብሮ ነበረ። ዜማውን ከእናቱ ቤት ጀምሮ እየሰማ ያደገ የባሌ ሰው ምክንያት የለውም።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ግራ እጃችሁን አትጠቀሙ። ባዶውን አውታር በደጋን ብቻ ሳቡ፤ አንዱ መሳብ አንድ ትንፋሽ ያህል ይርዘም። ደጋኑ አውታሩን ቀጥ ብሎ ይሻገር። የሚያፏጭ ከሆነ ደጋኑ ተጋድሟል፤ የሚሸሽ ድምፅ ከሆነ ዕጣን አንሷል ወይም እጃችሁ ቀሏል፤ የሚያንቋርር ከሆነ ተጭናችኋል። አውታሩ በአንድ ድምፅ ላይ ብቻ የሚንጫጫ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የእጅ አይደለም፤ የላላ ዘለላ ወይም የላላ መገጣጠሚያ ፈልጉ። ያደሰ ሰው ይህን ወዲያው ይለያል፤ ያላደሰ ሰው ወር ሙሉ እጁን ይወቅሳል።

ግራ እጅ ሲመጣ አውራ ጣት ከምሰሶው ጀርባ ያርፋል፤ አራቱ ጣቶች አውታሩን ይነካሉ። እንደ ጊታር እስከ እንጨቱ አይጫኑትም፤ አውታሩ ከምሰሶው ርቆ በአየር ላይ ነው፣ ጣት ነክቶ ያቆመዋል። አራት ጣት ባዶውን አውታር ሲጨምር አምስት ድምፅ ይሆናል፤ ቅኝቶቻችንም ባለ አምስት ድምፅ ናቸው። እጅ ሳይንቀሳቀስ ቅኝቱ ይሞላል ማለት ነው።

ጣት የት ይረፍ ለሚል፣ መነሻ የሚሆን ስሌት እነሆ። ከመቃኛው እስከ በርኩማው ያለውን የአውታር ርዝመት ለኩ፤ 45 ሳንቲ ሜትር ነው እንበል። ሙሉ ትዝታ ለሚባለው ቅኝት ከላይ ስትነሱ ሌባ ጣት በርዝመቱ አንድ ዘጠነኛ ላይ፣ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ታርፋለች። መሀል ጣት በአንድ አምስተኛው፣ 9 ላይ። የቀለበት ጣት በሲሶው፣ 15 ላይ። ትንሿ ጣት በሁለት አምስተኛው፣ 18 ላይ። ልክ በግማሹ፣ 22 ከግማሽ ላይ፣ የባዶው አውታር ድምፅ ከፍ ብሎ ይደገማል። በምሰሶው ጎን ጠባብ የወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ እነዚህን ቦታዎች በእርሳስ አመልክቱ። ጆሯችሁ ሲለምድ ፕላስተሩን አንሱት፤ ከሁለት ወር በላይ ከቆየ ዓይን ጆሮን ያሰንፋል። ትዝታ ሲገባችሁ ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ በጣቶቹ መቀራረብና መራራቅ ይመጣሉ። አንቺ ሆዬን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል፤ ጆሮ የሚጠይቅ ቅኝት ነው።

ማሲንቆ የተወሰነ መነሻ ድምፅ የለውም። በራሳችሁ ድምፅ ቃኙት፤ ስትዘፍኑ ሳትጨነቁ የምታወጡት ዝቅተኛ ድምፅ ባዶው አውታር ይሁን። ማሲንቆ ከዘፋኙ ጋር አብሮ የሚሄድ፣ የሚከተል፣ አልፎ አልፎም የሚቀድም መሣሪያ ነውና ዜማውን መጀመሪያ በአፍ አንጎራጉሩ፣ ከዚያ ያንጎራጎራችሁትን በጣት ፈልጉ። በአማርኛ ዜማ ብቻ አትወሰኑ። የባሌ ሠርግ ዜማ በኦሮምኛ ነው፤ ማሲንቆ ይዞ በኦሮምኛ የዘፈነውን ለገሰ አብዲን ፈልጋችሁ ስሙ፤ ደጋኑ ቃሉን እንዴት እንደሚያጅብ አስተውሉ። በአካባቢያችሁ የባህል ኪነት ቡድን ካለ የማሲንቆ ተጫዋቹን ሂዱና ጠይቁ፤ ለሰዓቱ ክፈሉት፣ በነፃ አታስቸግሩት። ጠልቆ መማር የሚሻ ወጣት ካለ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ማሲንቆን ከፒያኖ እኩል ያስተምራል።

ሠራተኛ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ሦስት ሰዓት ከሚቀመጥ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ቢጫወት ይሻለዋል፤ ጣት የሚለምደው በድግግሞሽ ነው። ተረኛ ሆናችሁ ሌሊት ከገባችሁና ጎረቤት ከተኛ፣ የታጠፈ ጨርቅ ከገበቴው ጀርባ አስደግፋችሁ ድምፁን አፍኑት።

አሁንም ማሲንቆ የያዘን ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያይ አይጠፋም። እንዲህ የሚያይ ሰው ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኋላ የወራሪው ጣሊያን እንደራሴ ግራዚያኒ እየዞሩ የሚዘፍኑና የሚተነብዩ ሰዎች እንዲገደሉ ማዘዙን ያስታውስ። ወራሪው የፈራው ወሬና ተስፋ ከመንደር መንደር የሚያደርሰውን ዘፋኝ ነው። መምህር ወይም ነርስ ማሲንቆ ይዞ ሲታይ የሚያፍርበት ምንም የለም።

ለአናጺዎች አንድ ሁለት ነገር ልበል፤ ይህ ሥራ እንጀራ ሊሆን ይችላልና። ደንበኛው መሣሪያውን ሲያመጣ ምን እንደሚቀየር፣ ምን እንደማይነካ በወረቀት ተስማሙ። ዋጋውን በሥራው ሰዓት አስሉ፤ የቆዳውን መድረቂያ ቀናት ግን ለቀጠሮ እንጂ ለዋጋ አትቁጠሩ። “ነገ ና” አትበሉ፤ ቆዳ በጥድፊያ አይደርቅም። ያወጣችሁትን አሮጌ ቆዳ፣ ጭራና በርኩማ በከረጢት አድርጋችሁ ለባለቤቱ መልሱ። ላንዱ አሮጌ ጭራ ይመስላል፣ ለሌላው የአባቱ እጅ ነው። አሮጌ ገበቴ አይታችሁ በአዲስ ለመለወጥ መደራደር ግን ነውር ነው። ከውጭ የመጣ ሰው በጣም አሮጌ መሣሪያ ልግዛ ቢላችሁም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሳትጠይቁ አትሽጡ።

ሥራውን መቼ እንጀምር ለምትሉ፣ የቦና (የመኸር) አዝመራ ተሰብስቦ ፀሐዩ ሲጠና፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ወይም ጥር ላይ ጀምሩ። ጋና በሚባለው የበልግ ዝናብና በክረምት ዝናብ ቆዳ አትወጥሩ፤ ይሻግታል። በጥር ቆዳውን የወጠረ፣ በየካቲት ጭራውን ያሰረ፣ በጾሙ ወራት ደጋኑን የለመደ ሰው ከፋሲካ ማግስት ለሚጠራበት ሠርግ አንድ ዜማ ይዞ መሄድ ይችላል።